ከአዲስ አበባ እስከ ሐርላ የመኪና ጉዞ

ከአዲስ አበባ እስከ ሐርላ የሚደረገው የመኪና ጉዞ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከሚታወቁት ረጃጅም የመንገድ ጉዞዎች አንዱ ነው። መንገዱ ከሸዋ ደጋ ተነስቶ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል፤ አዋሽን ተሻግሮ ወደ ሐረርጌ ተራሮች ይወጣል፤ ደንገጎ ላይ ታጥፎ ወደ ድሬዳዋ ቆላ መልሶ ይወርዳል። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ርቀት 515 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐርላ ከድሬዳዋ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የገጠር መንደር ስትሆን፣ በመካከለኛው ዘመን ከሩቅ አገሮች ጋር የምትገበያይ ከተማ ነበረች።

በዚህ መስመር ላይ ያሉ በርካታ ከተሞች የተቆረቆሩት ወይም ያደጉት መንገደኛ የሚቆምባቸው ቦታዎች በመሆናቸው ነው። ግመል ጭነት የሚያራግፍበት፣ ባቡር ውሃ የሚሞላበት፣ ሹፌር ቡና የሚጠጣበት ቦታ ቀስ በቀስ ገበያ ይሆናል፤ ገበያው ደግሞ ከተማ ይሆናል። መጓጓዣው ሲለወጥ ማረፊያው ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል፣ የቀድሞው ማረፊያም ይደክማል። ሐርላ፣ ጄልዴሳና ድሬዳዋ የዚህ ለውጥ ሦስት ምሳሌዎች ናቸው።

የመንገዱ መስመር

ጉዞው ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ጎህ ሳይቀድ ነው። ማልዶ የሚነሳ መኪና ከአዲስ አበባ መጨናነቅ በፊት ይወጣል፣ የአዋሽንም ቆላ ሙቀቱ ሳይበረታ ያልፋል። እስከ አዳማ ድረስ ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ መሐል የሚያልፈው የቀድሞው መንገድ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው፣ ክፍያ የሚጠየቅበትና 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የፍጥነት መንገድ ነው።

ከአዳማ በኋላ መንገዱ በወለንጪቲ አልፎ ወደ መተሐራ ይወርዳል። እዚህ ላይ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ተራራና የበሰቃ ሐይቅ ይታያሉ። የበሰቃ ሐይቅ ከብዙዎቹ የኢትዮጵያ ሐይቆች በተለየ ባለፉት አሥርት ዓመታት እየሰፋ ሄዷል፤ በዚህም ምክንያት በዳርቻው የሚያልፉት የመኪናና የባቡር መንገዶች ከፍ ተደርገው እንዲሠሩ ግድ ሆኗል። ቀጥሎ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይመጣል። በዚህ ፓርክ ሜዳ ላይ ሳላ የተባለው ረጅም ቀንድ ያለው የዱር እንስሳ አንዳንድ ጊዜ ከመንገዱ ሳይወጡ ይታያል።

ከአዋሽ ከተማ አለፍ ብሎ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የሰሜኑ ቅርንጫፍ በሚሌና በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ሲሆን፣ የአገሪቱ ዋና የጭነት መስመር ስለሆነ ተሳቢ መኪኖች ይበዙበታል። የምሥራቁ ቅርንጫፍ በሚኤሶ በኩል ወደ አሰበ ተፈሪ (ጭሮ) ይወጣል። ከዚያ ሂርናንና ቁልቢን አልፎ ደንገጎ ይደርሳል። ደንገጎ ላይ ቀጥታ የሚሄደው ወደ ሐረር ይወስዳል፤ ወደ ግራ የሚታጠፈው ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ሐርላ የምትገኘው በዚህ ቁልቁለት መስመር አቅራቢያ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ድሬዳዋ ሳይገባ በፊት ሐርላን ያገኛታል።

በመንገዱ ላይ ያለው የከፍታ ልዩነት ትልቅ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። አዋሽ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። የቁልቢ አካባቢ እንደገና ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ድሬዳዋ ደግሞ ወደ 1,200 ሜትር ትወርዳለች። በአንድ ቀን ውስጥ ጋቢ የሚያስፈልግበትን ብርድና ሸሚዝ የሚከብድበትን ሙቀት ማየት የተለመደ ነው። ረጅሙ ዳገት ሞተር ያግላል፤ የደንገጎ ቁልቁለት ደግሞ ፍሬን ይፈትናል። ልምድ ያላቸው ሹፌሮች ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ የሚወርዱት ፍሬኑ ግሎ አልይዝም እንዳይል ነው።

ሐርላ፦ የመጀመሪያው ማረፊያ

የሐርላ ስም የአንድ ጥንታዊ ሕዝብ ስም ነው። ይህ ሕዝብ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ላይ ተጠቅሷል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ኢብራሂምን ዘመቻ የሚተርከው ፉቱህ አል ሐበሻ የተባለው የዐረብኛ መጽሐፍም ያነሳዋል። በዛሬዋ መንደር የሚኖሩት በአብዛኛው ኦሮሞ ገበሬዎች ሲሆኑ፣ ቤቶቻቸውና ማሳዎቻቸው በጥንቷ ከተማ ፍርስራሽ ላይና ዙሪያ ይገኛሉ። ገበሬዎች ሲያርሱ ሳንቲም፣ የሸክላ ስባሪና የተጠረበ ድንጋይ ያገኙ ነበር።

ድንጋዮቹ ትልልቅ በመሆናቸው የጥንቶቹ ሐርላዎች ግዙፍ ሰዎች ነበሩ የሚል አፈ ታሪክ በአካባቢው ይነገራል። በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው አርኪኦሎጂስት ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ ቡድን ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመሆን ቦታውን ቆፍሮ ያጠና ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ውጤቶች እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሆኑ። ከመቃብር የወጡት አጽሞች ሲመረመሩ ሰዎቹ እንደ ማንኛውም ሰው መካከለኛ ቁመት የነበራቸው ሆነው ተገኙ።

ቁፋሮው በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ የእስልምና መቃብሮችና የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታዎች አውጥቷል። መስጊዱ በአሠራሩ በደቡብ ታንዛንያና በሶማሊላንድ ከተገኙት ጋር ይመሳሰላል። ከተገኙት ዕቃዎች መካከል የብርጭቆ ዶቃ፣ ዛጎል፣ ካርኔሊያን የተባለው ቀላ ያለ ድንጋይ፣ የቻይና ሸክላና በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የተመቱ ሳንቲሞች ይገኙበታል። ተመራማሪዎቹ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስና ከየመን የመጡ ዕቃዎችንም ለይተዋል። ከብር፣ ከነሐስና ከከበረ ድንጋይ የሚሠራው ጌጥ ደግሞ እዚያው ሐርላ ይመረት ነበር። ይህም ከተማዋ ዕቃ የሚያልፍባት ብቻ ሳትሆን ዕቃ የሚሠራባትም እንደነበረች ያሳያል።

ሐርላ ከባሕሩ ዳርቻ ርቃ ሳለ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ዕቃ የተገኘባት በአቀማመጧ ነው። ከዘይላ ወደብ በኩል የሚመጣ ነጋዴ ቆላውን ጨርሶ ወደ ደጋው ሊወጣ ሲል የሚያገኛት ቦታ ናት። በዚህ ዓይነት ወሰን ላይ መቆም ግድ ነው፤ ጭነት ይፈታል፣ እንስሳት ይለወጣሉ፣ ዋጋ ይነገራል፣ ቀረጥ ይከፈላል። የሐርላ ኑሮ ከ6ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እንደቆየ የቁፋሮው ጥናት ያስረዳል። ከዚያ በኋላ ሐርላ ስትዳከም ሐረር ተነሳች፤ እ.ኤ.አ. በ1520 የአዳል ሱልጣኔት መቀመጫ የሆነችውም ሐረር ናት።

ከጄልዴሳ ወደ ድሬዳዋ

ሐረር ዋና ከተማ ከሆነች በኋላም ከባሕሩ የሚመጣው ነጋዴ ከዳገቱ ሥር ማረፉ አልቀረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ማረፊያ ጄልዴሳ ነበር። ከዘይላ የሚመጡ ግመሎች ጄልዴሳ ላይ ጭነታቸውን ያራግፉ ነበር፤ ከዚያ እስከ ሐረር ያለውን ዳገት የሚወጡት በቅሎና አህያ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 ሐረርን የያዙት ግብፆችም ሆኑ ከእነሱ በኋላ የመጣው የዳግማዊ ምኒልክ አስተዳደር ጄልዴሳን የቀረጥ ኬላ አድርገዋታል። በ1880ዎቹ በሐረር ቡና ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ የተመላለሰው በዚሁ በዘይላ መስመር ነው። ከዘይላ እስከ ሐረር ያለው ጉዞ 20 ቀን ያህል ይፈጅ ነበር።

ይህን ሁሉ የለወጠው ባቡር ነው። ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ የመሥራት ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን፣ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ወደ ተራራው ማውጣቱ ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ መስመሩ በቆላው እንዲቀር ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ባቡሩ የደረሰበት ቦታ አዲስ ከተማ ሆነ፤ መጀመሪያ ላይ አዲስ ሐረር ይባል ነበር። ይህ ቦታ የዛሬዋ ድሬዳዋ ናት። ጄልዴሳ ግን ግመሉ ሲቀር ሥራዋን አጣች።

ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ባቡሩ በቀን ብቻ ይጓዝ በነበረበት ዘመን ተሳፋሪው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደረ ሦስት ቀን ይጓዝ ነበር። በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ የተሠራው ቡፌ የዚህ ልማድ ቅርስ ነው። ምግብና መኝታ የሚሰጠው ይህ ቤት ሰፊ በረንዳ ያለው ሲሆን፣ ባቡሩ ከቀረ በኋላም በመኪና የሚያልፉ መንገደኞች ሲያርፉበት ቆይተዋል። ድሬዳዋም ውስጥ ደቻቱ ወንዝ የሚለያቸው ሁለቱ ሰፈሮች የባቡሩን ታሪክ ያሳያሉ። ከዚራ በጣቢያው ዙሪያ በቀጥታ ጎዳናዎችና በዛፍ ጥላ ታቅዶ የተሠራ ነው፤ መጋላ ደግሞ የገበያው ሰፈር ነው።

የቡና ማረፊያ

ለመኪና መንገደኛ ዋናው ማረፊያ ቡና ነው። በቤት ውስጥ የሚፈላው ቡና ሙሉ ሥርዓት አለው። ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ቡናው ታጥቦ ይቆላል፣ ጭሱ ለእንግዳ ይቀርባል፣ ከዚያ ተወቅጦ በጀበና ይፈላል። አቦል፣ ቶናና በረካ ተጠጥቶ እስኪያበቃ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። አውቶቡስ ግን ይህን ያህል አይጠብቅም። ስለዚህ በመንገድ ዳር የምትሠራ ቡና አፍይ ሥርዓቱን አሳጥራዋለች። ቡናው አስቀድሞ ተቆልቶ ተወቅጧል፤ ጀበናው ከሰል ላይ እንደተጣደ ይቆያል፤ ረከቦቱ ላይ ሲኒዎቹ ተደርድረዋል። ተሳፋሪው በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሲኒ ጠጥቶ ይነሳል። ዕጣኑና ቄጠማው ግን በብዙ ቦታ አልቀረም።

ሐረርጌ ከደረሱ በኋላ ቡና በሌላ መልክም ይቀርባል። ሐረሪዎች ቁጢ የሚሉት መጠጥ ከደረቀና ከተቆላ የቡና ቅጠል የሚፈላ ነው። የሐረርጌ ኦሮሞዎች ሆጃ የሚሉት ደግሞ ከቡና ገለፈት ወይም ቅጠል ከወተትና ከጨው ጋር ይዘጋጃል። ቡና ቀላ ከነገለፈቱ በቅቤ የተጠበሰ ቡና ሲሆን የሚበላ እንጂ የሚጠጣ አይደለም። የእነዚህ ልማዶች አንዱ ምክንያት ፍሬው ለገበያ መውጣቱ ነው። የሐረር ቡና ሳይታጠብ ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ ሲሆን በውጭ ገበያ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። ለቤት የሚቀረው ቅጠሉና ገለፈቱ ነበር። ባለፉት አሥርት ዓመታት በርካታ ገበሬዎች የተሻለ ገንዘብ ስለሚያስገኝላቸው የቡና ማሳቸውን በጫት ተክተዋል። በደንገጎና በሐረር መካከል ያለችው አወዳይ የጫት ገበያ በመሆን ያደገች ከተማ ናት። ጫት ቶሎ ስለሚጠወልግ ጫኝ መኪኖቹ ይፈጥናሉ፤ ይህም ለሌላው መንገደኛ አደጋ ነው።

ቡና ለሹፌር የሚጠቅመው በአግባቡ ሲጠጣ ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን መሥራት የሚጀምረው ወዲያው ሳይሆን ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ የደከመው ሹፌር ቡናውን ጠጥቶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢያሸልብ፣ እንቅልፉም ቡናውም አብረው ያግዙታል። ቡና ግን ሌሊት ያልተኛን ሰው እንቅልፍ አይተካም። በተለይ ከአዋሽ እስከ ሚኤሶ ያለው ሜዳ ሙቀትና ቀጥተኛ መንገድ ስለሚበዛበት ያስተኛል፤ ግመልና ፍየልም በድንገት መንገዱን ያቋርጣሉ።

በመንገድ ላይ ማደር

በሌሎች አገሮች የመንገድ ጉዞ የሚወዱ ሰዎች መኝታቸውን ከመኪናቸው ኋላ ይጎትታሉ። ከእነዚህ ተጎታች ቤቶች ትንሹ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው ነው። ይህ ተጎታች በአሜሪካ በ1930ዎቹ የታወቀ ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰዎች የመጽሔት ንድፍ እያዩ በቤታቸው ይሠሩት ነበር። ብዙውን ጊዜ ወርዱ 1.2 ሜትር፣ ርዝመቱ 2.4 ሜትር ያህል ነው፤ ይህም የአንድ ጣውላ ልክ ነው። ውስጡ ከፍራሽ በቀር ሌላ ነገር አይይዝም። ወጥ ቤቱ ከኋላ ክዳን ሥር ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት ለአብሳዩ ጥላ ይሆናል። ፊቱ ክብ፣ ኋላው ሾጣጣ መሆኑ ንፋስን ስለሚቀንስ ትንሽ መኪናም ሊጎትተው ይችላል።

በኢትዮጵያ መንገዶች ይህ ተጎታች የተለመደ አይደለም። በዚህ መስመር ላይ ለእሱ የሚቀርበው በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የነበረው የከረዩ ሎጅ ነው፤ እንግዶች ያድሩ የነበረው በአዋሽ ገደል አፋፍ ላይ በተደረደሩ ካራቫኖች ውስጥ ነበር። በፓርኩ በወንዙ ዳር ድንኳን ተክሎ ማደሪያ ቦታም አለ።

ቤትን ይዞ መጓዝ ግን ለአካባቢው አዲስ ነገር አይደለም። በድሬዳዋ ዙሪያ ያሉ ሶማሌ አርብቶ አደሮች አቃል የሚሉት ቤት ከታጠፈ እንጨትና ከሰሌን የሚሠራ ሲሆን፣ ተፈትቶ በግመል ይጫናል። በአዲሱ ሰፈር መልሰው የሚያቆሙት ሴቶች ናቸው። አፋሮችም ዓሪ የሚሉት ተመሳሳይ ቤት አላቸው። የታጠፈው እንጨት በግመሉ ጎንና ጎን ሲጫን ለሕፃናትና ለዕቃ መያዣ ይሆናል። ቤቱ በጉዞ ጊዜ ጭነት፣ በማረፊያ ጊዜ መኖሪያ ነው።

ሌላው የመንገድ ዳር አዳር የቁልቢ ገብርኤል ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከራስ መኮንን ስም ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ራስ መኮንን ያረፉትም እ.ኤ.አ. በ1906 እዚያው ቁልቢ ነው። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 በዓሉ ሲከበር ከመላ አገሪቱ ምእመናን ስለት ይዘው ይመጣሉ። የቁልቢ አልጋ ይህን ሁሉ ሰው ስለማይችል በርካቶች በኮረብታው ላይ ድንኳን ተክለው ወይም በመጡበት መኪና ውስጥ ያድራሉ። በእነዚህ ቀናት የመንገዱ ፍሰት ስለሚለወጥ ወደ ድሬዳዋ ለመሄድ ብቻ የሚነሳ ሰው ቀኑን አይቶ ይነሳል።

አሁን ያለው ለውጥ

ማረፊያዎቹ ዛሬም እየተዛወሩ ነው። የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ከአዲስ አበባ አዳማ የሚሄድ መኪና በቢሾፍቱና በሞጆ መሐል ማለፍ ግዴታው አይደለም፤ በመንገድ ዳር የሚሸጥ ሰው ደግሞ የሚሸጠው ለሚቆም መኪና ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በድሬዳዋ ያለው ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው፤ ተሳፋሪው እንደ ድሮው ከባቡር ወርዶ በእግሩ ከዚራ አይገባም። ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ የሚወስደው 220 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የክፍያ መንገድም የጅቡቲን ጭነት በድሬዳዋ በኩል ማሳለፍ አስችሏል።

እነዚህ ሥራዎች ጉዞን ያሳጥራሉ፣ የዕቃ ማመላለሻ ወጪንም ይቀንሳሉ። በሌላ በኩል በአሮጌው መንገድ ዳር በጀበና፣ በፍራፍሬ ወይም በአንድ ክፍል አልጋ የሚተዳደር ቤተሰብ መንገዱ ሲርቅ ገቢው ይርቃል። በጄልዴሳ የደረሰው ይኸው ነበር። አዲስ መንገድ ሲታቀድ የማረፊያ ቦታዎችን በመንገዱ ላይ አስቀድሞ መወሰንና ለአካባቢው ነጋዴዎች ቦታ መስጠት ይህን ጉዳት ከሚቀንሱት መንገዶች አንዱ ነው።

ሐርላን መጎብኘት

ሐርላ አጥርና የመግቢያ በር ያላት የተለየች ቅጥር ግቢ ሳትሆን ሰው የሚኖርባት መንደር ናት። ስለዚህ ጎብኚ ከድሬዳዋ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቆና የአካባቢ አስጎብኚ ይዞ ቢሄድ ይመረጣል። በማሳ ውስጥ ከማለፍና ሰዎችን ፎቶ ከማንሳት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመስጊዱና የመቃብሮቹ ቅሪት ለአካባቢው ሙስሊሞች ክብር ያለው ስለሆነ በላያቸው መቆም ነውር ነው።

ከመሬት የተገኘ ሳንቲም፣ ዶቃ ወይም የሸክላ ስባሪ መግዛትም ሆነ ይዞ መሄድ አይገባም። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መቆፈር የተከለከለ ነው፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ አለበት። አንድ ሳንቲም ከወጣበት አፈር ሲለይ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ቢታወቅም፣ በየትኛው ቤት፣ በየትኛው ዘመንና ከምን ጋር እንደነበረ የሚናገረው መረጃ ይጠፋል። ስለ ሐርላ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከእንዲህ ዓይነት ትንንሽ ዕቃዎች ነው።

ሐርላን ለማየት ጠዋት ይሻላል፤ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ይበረታል፣ በክረምት ደግሞ ዝናብ ሊጥል ይችላል። በድሬዳዋ ያደረ መንገደኛ በማለዳ ወደ ደንገጎ አቅጣጫ ወጥቶ ሐርላን ጎብኝቶ በዚያው ወደ ሐረር መቀጠል ይችላል። ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ጥንታዊቷን የንግድ ከተማና በእግሯ የተተካችውን ሐረርን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል።